ሳይሞቱ የማይከፍለው እድር

ለተከበሩ የአል ሻምኻ መረዳጃ እድር ሊቀመንበር ለአቶ ገበየሁ
ሐምሌ 2012 ዓ.ም.፣ አቡ ዳቢ

ክቡር ሊቀመንበር፣ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ እንደምን ከረማችሁ? ከሁሉ በላይ የእድራችን ሣጥን በዚህ የኮሮና ዘመን ሳል ሳይነካው፣ ትኩሳትም ሳይሰማው በሙሉ ጤንነት መሰንበቱን ሰምቼ እጅግ ደስ ብሎኛል።

እኔ በሰው ቤት የሰው ልጅ የማሳድገው ትርፌ ነኝ። ለሁለት ዓመት ወርሃዊ መዋጮዬን አንድም ጊዜ አላጓደልኩም። ምስጋናዬ እነሆ፦

፩ኛ፦ ሰኔ ላይ፣ ደሴ እናቴ ዘንድ የተውኳት የሦስት ዓመት ልጄ የአብስራ ሳንባ ምች ያዛት። ሆስፒታሉ ለኦክስጅንና ለመድኃኒት መያዣ ጠየቀ፤ በዚህ አገር ገንዘብ አምስት መቶ ድርሃም ቢሆን ነው። ማዳም በኮሮና ሰበብ የሦስት ወር ደመወዜን ስለያዘችብኝ በብድር እንድትሰጡኝ ለመንኳችሁ። ጸሐፊያችን ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ደንቡ ለሞት እንጂ ለሕመም እንደማይከፍል፣ ነገሩም ኸላስ፣ ያለቀ የደቀቀ መሆኑን በድምፅ መልእክት ስላስረዱኝ ውለታቸው አለብኝ። መልእክቱን አላጠፋሁትም።

፪ኛ፦ ልጄ በሦስተኛው ቀን የደንቡን መስፈርት አሟላች። መርዶው በተሰማ በሰዓቱ ሁለት ሺህ ድርሃም በር ድረስ ላካችሁልኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ፤ እኔ ግን እንዲህ ያለ ፈጣን ውሻ አይቼ አላውቅም። ያልተማርኩ ሆኜ ነው መሰል፣ ልጅ ማዳን ከመቅበር ይረክሳል ብዬ አስብ ነበር።

፫ኛ፦ ደንቡስ ወረቀት ነው፤ አልቀየመውም። ስመዘገብ ግን «እዚህ አገር ዘመድሽ እኛ ነን» ያሉኝ እርስዎ ነበሩ። አምኜዎት ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ሣጥንዎ ሞልቶ፣ እርስዎም ጤና ሆነው፣ ለቀጣዩ ቀብራችን እንደ ልማድዎ ፈጥነው እንዲደርሱ ከልብ የምትመኝ፣

መዋጮዋን ያላጓደለች አክባሪዎ
ትርፌ

ማሳሰቢያ፦ ከላካችሁት ላይ አምስት መቶውን አል ሙዋይጂ ሰፈር ለምትሠራው እድርተኛችን ለፌቨን ሰጥቻታለሁ። አገር ቤት ያለ ልጇ እንደ ልጄ ሳንባ ምች ይዞት ነበር፤ ታክሞ ድኗል። የሞት ገንዘብ ለሕይወት ማዋል በደንቡ ስንት እንደሚያስቀጣ ያስታውቁኝ። ከየአብስራ ቀብር የተረፈ ስላለ ቅጣቱን እከፍላለሁ።