ወንዱ ሽክሽክ

መቐለ፣ ሓድነት
ጥር 15 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰዳም፣ ገዳሪፍ

ቢስሚላህ ብዬ ጀመርኩ። እንዴት ነህ የኔ አባት? የሱዳን ሙቀት እንዴት አደረገህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እህትህ ሀፊሳ በሰላም ተገላግላለች። ወንድ ነው፤ በሟች አባትህ ስም ጠሃ ብለነዋል። ጆሮው ቁርጥ ያንተ ነው። ፊደሌ ቢጣመም አትሳቅብኝ። ሌላ ጊዜ ሀፊሳ ትጽፍልኝ ነበር፤ ይህን ግን በማንም አላጻፍኩም።

ከሱዳን ድንበር የሚመላለሰው ሾፌር ጀይሉ መኪናውን ደጃፋችን አቁሞ "ሰዳም በቃኝ ብሏል፤ መጥቶ እጁን ሊሰጥ ነው" ካለኝ ወዲህ ሌሊት እየተነሳሁ ደጅ ደጁን አያለሁ። ይህን ደብዳቤ ሳትጨርስ ከዚያ እንዳትነሳ።

ያን ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አንተ ያየኸው ግማሹን ነው። አብዱልወዱድ "ሚስቴን መልሱ" ብሎ ገብቶ ሀፊሳን በጸጉሯ ከጓዳ ሲጎትታት፣ የሰባት ወር ሆዷን በጫማው ሲረግጣት አብረን አየን። አንተ እጅህ ላይ የነበረውን አነሳህ። ሙዚቀኞቹ ማራካስ የሚሉት፣ እኛ ቤት ሽክሽክ የምንለው፣ ለሠርግ ተጫዋቹ የጨረስከው ጥንድ ነበር። የያዝከው ቀጭን ድምፅ ያላትን፣ ሴቷን ነው። ጆሮ ግንዱን ስትመታው ፈነዳች፤ ሆዷ ውስጥ የነበረው ማሽላ ቤቱን ሞላው። እሱ በጉልበቱ ወደቀ፣ ደሙ በአንገቱ ወረደ። "ሩጥ" ያልኩህ እኔ ነኝ። በጓሮ ወጣህ።

እስቲ አሁን እንደ ባለሙያ አስብ። ድምጿ እንዲቀጥን ብለህ ሴቷን ቅርፊቷ እንደ ጥፍር እስኪሳሳ ድረስ የምትቦረቡራት አንተው ነህ። ወንዱን ግን ወፍራም ትተወዋለህ፤ ወይራ ነው፣ ሆዱም የወንዝ ጠጠር ነው። እንደዚያች ያለች ቅርፊት ሰው ትገድላለች?

አብዱልወዱድ ተነሳ። ደሙን በእጅጌው ጠረገና ሀፊሳን በጉሮሮዋ ይዞ ከእንጨት መቅረጫ ማሽንህ ጋር አጣበቃት። "ልቀቃት" አልኩት። "እሷን ልጨርስና ወዳንቺ እመጣለሁ" አለኝ፤ ድምፁን እንኳን ከፍ አላደረገም። የዓይኗ ነጩ ብቻ ቀረ። ወንዱ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ በሁለት እጄ ያዝኩት። ማጅራቱን መታሁት፣ አልለቀቃትም። ደግሜ አናቱን አልኩት፤ ያኔ ለቋት ወደቀ። ሦስተኛውን ግን የመታሁት ከለቀቃት በኋላ ነው። ወለሉ ላይ ተዘርሮ ዓይኑን ወደ እኔ አድርጎ ነበር። አጥንቱ ሲሰበር በእጄ ተሰማኝ። በየምቱ ጠጠሩ ሽክ ይል ነበር፤ አሁንም እየሰማሁት ነው።

ጎረቤታችን ዘቢብ ጩኸት ሰምታ ስትገባ እንደያዝኩት ቆሜአለሁ። ሀፊሳ ራሷን ስታ ነበር። ዘቢብ የእኔን እጅ አየች፣ ሬሳውን አየች፣ ከዚያ "ሙሚና ሓፍተይ፣ እህቴ፣ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ምንም አላየሁም" አለችኝ። ወንዱን አጥቤ ወደ ቦታው መለስኩት። ፖሊሶቹ የሴቷን ስብርባሪ በፌስታል ለቅመው ወሰዱ። ወንዱን አንዱ አንስቶ ነቀነቀና "ድምፁ ጥሩ ነው" ብሎ አስቀመጠው። የመታው ማን ነው ሲሉኝ ዝም አልኩ። ዝም ስል አንተን ጻፉ።

ሦስት ወር ሙሉ ዝም አልኩ። ሀፊሳ እስክትወልድ ብዬ ነበር፤ ከዚያ ደግሞ አርባዋ እስኪወጣ አልኩ። እውነቱ ግን ፈራሁ። እስር ቤቱን ፈራሁ፣ የሰው ዓይን ፈራሁ። ሰው ገደልኩ ብለህ እንቅልፍ እንደምታጣ እያወቅሁ፣ ወጣት ነው፣ ሱዳንም ሰፊ ነው፣ እንደምንም ይኖራል አልኩ። እናት ለልጇ እንዲህ አታደርግም። ልጄ፣ አፉ በለኝ።

አንድ የዓዲ ሓቂ ሰፈር መምህር ወንዱን ለሳሎኑ ማሳያ ሊገዛው ሁለት ጊዜ ተመላልሷል፤ አይሸጥም አልኩት። ትናንት ደግሞ ጠሃ አላርፍ ብሎ ሲያለቅስ ሀፊሳ ከመደርደሪያው አወረደችውና ጆሮው አጠገብ ነቀነቀችለት። ልጁ ወዲያው ዝም አለ፤ ዓይኑን አፍጥጦ ያዳምጣል። "እማዬ፣ እንዴት እንደወደደው እዪማ" አለችኝ። ከእጇ ነጠቅኋት። ደነገጠች። ያን ጊዜ ልናገር ቆረጥኩ።

ዛሬ ጠዋት ሁሉንም ነገርኳት። አላለቀሰችም፤ ልጁን እንዳቀፈች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጀይሉ ይህን ደብዳቤ ይዞልህ ነገ ሰኞ ማለዳ ይነሳል። የእሱ መኪና ወደ ሑመራ ስትወጣ እኔ ወንዱን በነጠላዬ ጠቅልዬ ፖሊስ ጣቢያ እገባለሁ። ሦስተኛውንም ምት እናገራለሁ። አንተ ስለመታኸው ትጠየቅ ይሆናል፤ ለሞተው ግን እኔ አለሁ። ይህን ስታነብ ነገሩ አልቋልና ልታስቆመኝ አትሩጥ። እህትህን ለማየት ስትል ና።

የሴቷን ማሽላ ከወለሉ ለቅሜ በጨርቅ ቋጥሬልሃለሁ፤ መሮህ ያለበት ሣጥን ውስጥ ነው። ስትመለስ ለጠሃ ሌላ ሥራለት። ቀለል ያለች ትሁን፤ ጠጠር እንዳትጨምርባት።

አላህ በመንገድህ ሁሉ ይጋርድህ፤ እጅህን ከሥራ በቀር ምንም አያስነካት።

እናትህ ሙሚና