ጭልፊቷን ያስጮኻት ማን እንደሆነ

ሮተርዳም
ጁን 2 ቀን 1986 እ.ኤ.አ.

ለወደቡ የእህል መጋዘኖች አስተዳደር
ለዋና ሥራ አስኪያጁ
ሮተርዳም

ጉዳዩ፦ ግሬታ የተባለችው ጭልፊት በሌሎች ጥፋት መገደሏን፣ እኔም ባላጠፋሁት መወንጀሌን ስለማመልከት፤ እንዲሁም ባለፈው ሳምንት የመጡት ሁለት ጫጩቶች እስከ ዓርብ ድረስ ወደ እናታቸው እንዲመለሱ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ወይዘሮ እናትነሽ ወርቅአፈራሁ፣ በሚመሩት መሥሪያ ቤት በወፎች ክፍል ውስጥ ከ1983 ጀምሮ በጽዳት ሠራተኛነት የማገለግል ነኝ። በዚሁ ጉዳይ በማርች ወር በሆላንድኛ አመልክቼ ነበር። ያን ደብዳቤ የጻፈችልኝ ደግ ሴት ቃሌን ሁሉ አለስልሳ፣ ምሬቴን አውጥታ፣ ሰላምታ ጨማምራ ላከችው። ከጽሕፈት ቤትዎ የደረሰኝ መልስም «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» የሚል ሆነ። እኔ አስተያየት አልሰጠሁም፤ ተበድዬ ነው የጮኽሁት። ስለዚህ አሁን የምጽፈው በገዛ ቋንቋዬ ነው። ወደ ሆላንድኛ የሚመልሱት በዘ ሄግ ከተማ የሚኖሩት ቃለ መሐላ የፈጸሙ አስተርጓሚ አቶ በርሀ ናቸው። እሳቸውም ረቂቁን አይተው «እትዬ እናትነሽ፣ እዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ላለዝበው?» ብለውኝ ነበር። «አያለዝቡብኝ፤ እንደተናገርኩት ይሂድ» ብያለሁ። የሚያነቡት እንደተናገርኩት ነው።

1. እኔ ማን እንደሆንኩ። ደብረ ዘይት ላይ አሥራ አንድ ዓመት የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። የምስክር ወረቀቴ በሱዳን በኩል ስወጣ ከሻንጣዬ ጋር ቀረ። እዚህ ስደርስ «ወረቀት የሌለው ሙያ ሙያ አይደለም» ተባልኩና መጥረጊያ ተሰጠኝ። በዚህ አላማርርም፤ እንጀራዬ ነው። ነገር ግን መጥረጊያ ያዝኩ ማለት ዓይኔን አውልቄ በር ላይ ሰቀልኩ ማለት አይደለም።

2. ክፍሉ ስለሚሠራው ሥራ። እርግቦች የመጋዘኖቹን እህል እንዳያበላሹ የሠለጠኑ ጭልፊቶች እየተለቀቁ ያባርሯቸዋል። የክፍሉ ኃላፊ ሚኔር፣ በእኛ አነጋገር አቶ፣ ዶርንቦስ ናቸው። ከሳቸው በታች ወፎቹን የሚይዘው ሄንክ የተባለ ሠራተኛ ነው። እኔ ጎጆዎቹን አጥባለሁ፣ የውሃ ገንዳቸውን እለውጣለሁ፣ የሚቆሙበትን ግንድ አጸዳለሁ። ከማንም በላይ ብዙ ሰዓት ከወፎቹ ጋር የምውለው እኔ ነኝ።

3. ግሬታ እንዴት እንደመጣች። በሜይ 1985 ሚኔር ዶርንቦስ ዴልፍት አጠገብ ከምትገኝ አንዲት ወፍ አርቢ የአሥር ቀን ጫጩት ገዝተው መጡ። ገና ነጭ ጥጥ የመሰለ ላባ የለበሰች ነበረች። «ከሕፃንነቷ ከሰው ጋር ብታድግ ገራም ትሆናለች» አሉ። ጠረጴዛቸው ላይ በካርቶን አስቀመጧት። ሥጋ በጣታቸው እየቆረጡ ያጎርሷት ጀመር። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ተመልከቱ» እያሉ ያጎርሷታል። እሷም ባየቻቸው ቁጥር አፏን ከፍታ ትጮኻለች፤ ይስቃሉ።

አንድ ቀን እንዲህ ሲያጎርሷት እኔ ወለል እያጸዳሁ ነበር። በምችለው ሆላንድኛ «ሚኔር፣ እጅዎን አያሳዩዋት። ምግቡ ከየት እንደመጣ አትወቅ። ወይም መብረር እስክትጀምር ለእናቷ ይተዉላት» አልኳቸው። ምክንያቱን እርስዎም ይወቁት። እናቷ ያሳደገቻት ጫጩት እናቷን እየለመነች ትጮኻለች፤ ክንፏ ሲጠና እናት ፊት ትነሳታለች፣ ጩኸቱም ያኔ ያበቃል። ሰው በእጁ ያሳደጋት ግን ሰውን እናቷ አድርጋ ትይዛለች። እንዲህ ያለችውን ወፍ በላዩ ላይ ካስራቧት፣ ሰው ባየች ቁጥር ዕድሜ ልኳን ስትለምን ትኖራለች። እኛ አገር «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። ወፍም እንደዚያው ናት።

የተሰጠኝ መልስ፦ «እናትነሽ፣ አንቺ ወለሉን ተመልከቺ» የሚል ነበር።

4. ማስራቡ። በኦገስት ላይ መብረር ቻለች። ቶሎ ሥራ እንድትጀምር ተብሎ ምግቧ በአንድ ጊዜ ተቀነሰ። ሄንክ በየጧቱ ሲመዝናት ክብደቷ ሲያሽቆለቁል አይ ነበር፤ እሱም ያየዋል። «ልክ ነሽ፣ ግን አለቃው እሱ ነው» ይለኛል ቀስ ብሎ። በኦክቶበር ግሬታ ከንጋት እስከ ማታ ትጮኽ ጀመር። ጩኸቷ እንደ ዛገ ማጠፊያ ጆሮ የሚሰነጥቅ ነው። ሚኔር ዶርንቦስ ሲበቃቸው ሥጋ ወርውረው ዝም ያሰኟታል። ስትጮኽ ተሰጣት ማለት ነው። በማግሥቱ እጥፍ አድርጋ ትጮኻለች። ይህን ለማወቅ ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል?

5. ጩኸቷ እንደሚቀንስ በዓይናችን ስላየነው። ሚኔር ዶርንቦስ በጃንዋሪ ሦስት ሳምንት ዕረፍት ወጡ። ሄንክ መጥቶ «አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» አለኝ። በዚህ አገር በሙያዬ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

በጎጆዋ ፊት ጣውላ አቆምን። በጣውላው ውስጥ ሰፊ ቧንቧ አሳለፍን። ሥጋው በቧንቧው ይወርዳል፤ የሰው እጅ፣ የሰው ፊት አታይም። አንድ ቀን በማለዳ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰዓቱን እያቀያየርን ሰጠናት። በምትጮኽበት ሰዓት አንዲት ቁራጭ አልወረደላትም። ዝም ስትል ግን ጎሮሮዋ እስኪነፋ በላች። ክብደቷም ቀስ በቀስ ተመለሰ። ከዚያ ደግሞ ምንም የማይሰጧት ሰዎች በሚያልፉበት በኩል ቀን ቀን እናቆማት ነበር፤ ሰው ሁሉ ምግብ እንዳልሆነ ትልመድ ብለን።

በደብተር መዝግቤዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ከጧት እስከ ማታ ዝም ያለችበት ጊዜ ተደምሮ አርባ ደቂቃ አይሞላም። አምስተኛው ቀን ከመጀመሪያውም ባሰ። ሄንክ ጆሮውን ይዞ «ይብቃ፣ እንስጣት» አለኝ። «ዛሬ ከሰጠናት የአምስት ቀን ድካማችንን ገደል ከተትነው» አልኩት። አልሰጠናትም። በዘጠነኛው ቀን መቀነስ ጀመረች። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን የምትጮኸው ንጋት ላይና ሲያበሯት እጃቸው ላይ የሚያጠልቁትን የቆዳ ጓንት ስታይ ብቻ ነበር። ድናለች አልልም፤ በጫጩትነት የተበላሸ ነገር ፈጽሞ አይጠገንም። ግን ሰውም እሷም ሊኖሩ የሚችሉበት ደረጃ ደርሳ ነበር።

ከቦዩ ማዶ የሚኖሩ አንዲት ሕመምተኛ አሮጊት አሉ። በመስኮት ተጣርተው «ወፏ ሞተች እንዴ?» አሉኝ። «የለም፣ ጠግባ ነው» አልኳቸው። ሳቁ። እኔም እዚያው ቆሜ ሳቅሁ።

6. መልሶ ማበላሸቱ። ሚኔር ዶርንቦስ ከዕረፍት ተመለሱ። ጣውላውን አዩና «ይሄ ምን ኮተት ነው?» ብለው አስነሱት። ሄንክ ደብተሬን ሊያሳያቸው ሲል በእጃቸው ገፉት። በዚያው ሳምንት ጋዜጠኞች ጋብዘው ፎቶግራፍ ሲነሱ በእጃቸው አጎረሷት። አራት ቀን አልፈጀም፤ ጩኸቱ እንደነበረ ተመለሰ። ከቦዩ ማዶ የሚኖሩ ስድሳ ሁለት አባወራዎች ፈርመው ለእርስዎ ጽሕፈት ቤት አመለከቱ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ብሆን እፈርም ነበር።

ጽሕፈት ቤትዎ ምክንያቱን ጠየቀ። ሚኔር ዶርንቦስም «የጽዳት ሠራተኛዋ ሳይፈቀድላት ወፏን ስትመግብ ከርማ ጠባይዋን አበላሽታዋለች» ብለው ጻፉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ሄንክን ማንም አልጠየቀውም። ማስጠንቀቂያ ተጽፎ በማኅደሬ ገባ። ከጎጆዎቹም በአሥር ሜትር እንድርቅ ታዘዝኩ። ከአሥር ሜትር ላይ ጎጆ እንዴት እንደሚታጠብ ግን ያስረዳኝ የለም።

7. አሟሟቷ። ማክሰኞ ማርች 11 ቀን ጧት ስገባ የግሬታ ጎጆ ባዶ ነበር። በሩ ላይ በብጣሽ ወረቀት «እናትነሽ፣ ይህ በክሎሪን ይታጠብ» ተብሎ ተለጥፏል። ለዚህ ጊዜ አሥር ሜትሩ ተረሳ። ሄንክን ስጠይቀው ፊቱን አዞረ፤ ትናንት ማታ በመርፌ ነው አለኝ። አጠብኩት። ክቡርነትዎ ይህንንም ይወቁልኝ፤ ያጠብኩት እኔ ነኝ።

በሳምንቱ ለነዋሪዎቹ የተበተነውን ደብዳቤ አቶ በርሀ ሲያነቡልኝ «ስለ ወፏ አስፈላጊው እርምጃ ተወስዷል» የሚል ቃል አለበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ ከጉዳዩ የወጣ ከመሰለዎ ይለፉት። በ1978 ባለቤቴ ሽባባው ከቤት ተወስዶ ቀረ። ቀበሌ ሄጄ ስጠይቅ ጸሐፊው ቀና ሳይል «እርምጃ ተወስዶበታል» አለኝ። ማን እንደወሰደው፣ በምን ጥፋት እንደሆነ፣ የሚናገር አልነበረም። ሰውን ከወፍ ጋር አላስተካክልም፤ እግዜር ይይልኝ። ግን ይህንን ቃል ከዚያ ሸሽቼ እዚህ ድረስ መጥቼ፣ በደሞዝ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ማኅተም ሥር አገኘሁት። አቶ በርሀም መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ «ይጻፉ፣ እትዬ» አሉኝ።

8. አሁን ስላለው ነገር። ባለፈው ረቡዕ፣ ሜይ 28 ቀን፣ ሚኔር ዶርንቦስ ከዚያችው አርቢ ሁለት ጫጩቶች ገዝተው መጡ። ዛሬ የአሥራ ሁለት ቀን ዕድሜ አላቸው። የተቀመጡት በዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። የሚጎርሱት ከዚያው ጣት ነው። ዓርብ ዕለት ወለሉን ሳጸዳ አንደኛዋ የሳቸውን ድምፅ ስትሰማ አንገቷን አስግጋ ጮኸች። እሳቸውም እንዳምናው ሳቁ።

ቅዳሜ ከሄንክ ጋር ወደ ዴልፍት ሄደን አርቢዋን አነጋገርናቸው። ሜቭራው ቦስማ ይባላሉ፤ ወይዘሮ ማለት ነው። የግሬታን መጨረሻ አልሰሙም ነበር፤ ሲሰሙ አዘኑ። «እናቲቱ አሁንም ሌላ ጫጩት እያሳደገች ነው፤ እስከ ዓርብ ካመጣችኋቸው ትቀበላቸዋለች። ከዚያ በኋላ ግን ሰው መልመዳቸው ስለሚጠና ቃል አልገባም» አሉን። ክንፋቸው ሲጠና፣ አደን ሲችሉ፣ መልሰን እንድንወስዳቸውም ተስማምተዋል። መሥሪያ ቤቱ ጭልፊቶቹን አያጣም። የሚያጣው ጩኸቱን ብቻ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው፦

ሀ) ሁለቱ ጫጩቶች እስከ ዓርብ ጁን 6 ቀን ድረስ ወደ ሜቭራው ቦስማ ግቢ እንዲመለሱ እንዲታዘዝልኝ፤

ለ) ወደፊት በክፍሉ ማንም ሰው ጫጩትን በእጁ እንዳያጎርስ፣ የግድ ከሆነም ጫጩቶች አንድ ላይ ሆነው ሰው ሳያዩ እንዲመገቡ፣ ለበረራ ሲዘጋጁ ምግባቸው በድንገት እንዳይቀነስ፣ የምትጮኽን ወፍ ዝም ለማሰኘት ሥጋ መወርወር እንዲከለከል፤

ሐ) ሄንክ ተጠርቶ የሚያውቀውን እንዲናገርና የእኔ ደብተር እንዲታይ፤ እነሆ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤

መ) በሐሰት የተጻፈብኝ ማስጠንቀቂያ ከማኅደሬ እንዲወጣ።

ከአራቱ አንዱን ብቻ እሰጣለሁ ካሉኝ የመጀመሪያውን ይስጡኝ። ማኅደሬ ሊጠብቅ ይችላል፤ የአሥራ ሁለት ቀን ጫጩት አይጠብቅም።

መልሱን በደብዳቤ እንዳይልኩልኝ እለምናለሁ። የዚህ ቤት ደብዳቤዎች ሦስት ሳምንት ነው የሚፈጅባቸው፤ ሲደርሱም ያመሰግናሉ። ዓርብ ጧት፣ በዚህ አገር አቆጣጠር በሰባት ሰዓት፣ ሄንክ መኪናውን በር ላይ ያቆማል፤ እኔም ድርቆሽ የተነጠፈበት ሳጥን ይዤ ከጎኑ እቆማለሁ። ፈቃድዎ ከሆነ ጫጩቶቹን ያስረክቡን። ካልሆነም ከቢሮዎ ወርደው፣ ፊቴን እያዩ «አይሆንም» ይበሉኝ።

ከሰላምታ ጋር፣ ከነምሬቴ

(ፊርማ)
እናትነሽ ወርቅአፈራሁ
የእንስሳት ጤና ረዳት