በአንድ መልእክት ስለወደቀችው የቡድን ሦስት አባል

ለተከበሩ አቶ አንዳርጋቸው
የቀሐ ማዶ የርቀት ትምህርት ማዕከል የቡድን ሥራ አስተባባሪ
ማራኪ፣ ጎንደር

ሰኔ 2009 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ በተለይም የአምስት ሰው የቴሌግራም መልእክት ከላይ እስከ ታች ሲቆጥሩ የከረሙትን ዓይኖችዎን አላህ ይጠብቅልን። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ፈህሚያ ዐብደላ እባላለሁ፤ በትክል ድንጋይ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ስሆን፣ ማዕከልዎ በሚሰጠው በኢንተርኔት የማስተማር ዘዴ ሥልጠና ላይ «ተሳትፎዋ እጅግ አነስተኛ» ተብዬ የወደቅሁት የቡድን ሦስት አባል ነኝ። ሦስት ማመልከቻ አስገብቼ መልስ ስላጣሁ፣ ምስጋናዬ እንኳ ይድረስዎት ብዬ ይህን በአደባባይ ጽፌያለሁ።

አንደኛ፣ አምስት አምስት አድርገው ደልድለውን፣ ማን ምን እንደሚሠራ ሳይነግሩን ስለተዉን አመሰግናለሁ። የተሰጠን ርእስ «በኢንተርኔት ትምህርት የቡድን ሥራን በአግባቡ ስለመጠቀም» የሚል ስለነበር፣ ዝም ማለትዎ ራሱ የፈተናው አካል መስሎኝ ነበር። የቡድን መሪያችን አቶ ሐብተ ማርያም ጎንደር ከተማ ተቀምጠው፣ ኔትወርክ እንደ ልባቸው እያገኙ፣ ሥራውን ሳይነኩት በአራት ቀን ውስጥ ጠቅልለው ለእኔ አስረከቡኝ። አቶ ሙሉሰው በየማለዳው «እንደምን አደራችሁ፣ በርቱ» እያሉ ያበረቱናል፤ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ ለአቶ ሙሉሰው የአውራ ጣት ምስል ይልኩላቸዋል። እኔ ስልሳ መምህራንን ስንት ሆነው በቡድን እንደሠሩ፣ በወቅቱ ጨርሰው እንደሆነም እየጠየቅሁ አነጋገርሁ፣ ቅጽ አስሞላሁ፣ አይከል ድረስ ሁለት ጊዜ ተመላለስሁ። ትክል ድንጋይ ላይ ደህና ኔትወርክ የሚገኘው ከትምህርት ቤታችን በላይ ካለው ጉብታ ስለሆነ፣ ሥራውን ለመላክ ስልኬን ሽቅብ ይዤ እዚያ ስቆም የትምህርት ቤቱ ጥበቃ አያ ቢያዝን አዩኝና፣ እርስዎ ሦስት ወር ሙሉ ያልጠየቁትን ጠየቁኝ፦ «ምነው መምህርት፣ አራቱ ጓደኞችሽ ወዴት ናቸው?»

ሁለተኛ፣ ተሳትፎን በመልእክት ብዛት ስለለኩ አመሰግናለሁ። አቶ ሙሉሰው በሁለት መቶ አሥራ አራት መልእክት አንደኛ ወጡ። እኔ አርባ ሁለት ገጽ በአንድ ፋይል ስለላክሁ አንድ መልእክት ተብሎ ተቆጠረልኝ። ሞኝነቱ የእኔ ነው፤ መስመር በመስመር ቆራርጬ፣ በየመሀሉም እንደምን አደራችሁ እያልሁ ብልከው ኖሮ የማዕከሉ ተሸላሚ እሆን ነበር።

ሦስተኛ፣ አቤት ስል ነገሩን ለቡድኑ ድምፅ ስለመሩት አመሰግናለሁ። ድምፁ የተሰጠው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ እኔ አራተኛ ክፍልን ሒሳብ ሳስተምር ነው። አራቱ ሥራው የአራታቸው መሆኑን መሰከሩ፤ የእኔ ዝምታ «ተስማምታለች» ተብሎ ተመዘገበ። ማራኪ ድረስ መጥቼ ቢሮዎ በር ላይ ሳገኝዎት፣ የመኪናዎን ቁልፍ በጣትዎ እያሽከረከሩ «እህቴ፣ ቡድኑ ወስኗል፤ እኔ ምን ላድርግ?» አሉኝ። እጅ ነስቼ ወጣሁ። ደረጃውን ስወርድ ግን ይህን ሰው አልምረውም ብያለሁ፤ ዛሬም አልማርሁዎትም።

ምክንያቱን ይወቁት። ባለቤቴ ኢምራንና የአራት ዓመቷ ልጄ ሰልማ የሚኖሩት ጎንደር ነው። ዝውውር ሦስት ዓመት ስጠብቅ ቆይቼ፣ ዘንድሮ የእርስዎን የምስክር ወረቀት ካቀረብሁ ወደ ከተማ እንደምዛወር ተነግሮኝ ነበር። ወረቀቱ ሲቀር ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ባለፈው ቅዳሜ ከሚኒባስ ወርጄ ቤት ስደርስ ልጄ በሩን ከፈተችና ወደ አባቷ ዞራ «እንግዳ መጣች» አለችው። ይህን በስንተኛ ቁጥር እንደማሰፍረው ስላላወቅሁ ያለ ቁጥር ጽፌዋለሁ።

የመጨረሻው ምስጋናዬ ሥራዬን በመጽሐፍ መልክ አሳትመው፣ የእርስዎን ስም በትልቁ፣ የአራቱን በትንሹ ሽፋኑ ላይ አስፍረው፣ በአዳራሽ ለተጠሩ እንግዶች ሦስት መቶ ቅጂ ስላደሉ ነው። አንዱ ደርሶኝ አንብቤዋለሁ። ከነነጥቡ ከነሰረዙ የእኔ ነው። ስለ ፍትሐዊ የሥራ ክፍፍል የጻፍሁት ምዕራፍ በተለይ በእርስዎ ስም ሲነበብ ሸጋ ሆኖ አገኘሁት።

በቀረው የሥራ ዘመንዎ ሁሉ የበላይ አለቃዎ ልክ እንደ እርስዎ ያለ ሰው እንዲሆንልዎት ከልብ እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ፈህሚያ ዐብደላ
ከትክል ድንጋይ

ማሳሰቢያ፦ በመጽሐፉ ገጽ አሥራ አንድ ላይ ያለው ሠንጠረዥ የተሳሳተ ነው። በችኮላ ስተይብ የሦስት ሰውና የአሥር ሰው ቡድኖችን ውጤት አቀያይሬዋለሁ፤ ሥራቸውን በወቅቱ የጨረሱት ሦስት ሦስት የሆኑት ናቸው። ስህተቱን ያየሁት ድምፅ በተሰጠ ማግስት ሲሆን፣ ማረሚያውን ልልክ ጉብታው ላይ ስወጣ ከቴሌግራም ግሩፑ አስወጥተውኝ አገኘሁ። በዚሁ ሠንጠረዥ ተመርተው ከመስከረም ጀምሮ ሠልጣኞችን ሁሉ አሥር አሥር እንደሚያደርጉ ለእንግዶችዎ ማብሰርዎን ሰምቻለሁ። መምህራኑ የሞሏቸው ስልሳ ቅጾች እኔ ዘንድ አሉ፤ የዚህን ደብዳቤ ቅጂም በአዳራሹ ለነበሩት ሁሉ ልኬያለሁ። ስህተቱ የማን ነው ብለው ሲጠይቁዎት፣ ወይ «የእኔ ነው» ይበሉ፣ ወይ ስሜን ይጥሩ።