የዮኒስ አርባ ስምንት ሰዓት

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ሙቀቱ አይጣል ነው። ለዘጠነኛ ክፍል የፈረንሳይን አብዮት አስተማርኩ። ንጉሡ የጠላውን ሰው በአንድ ፊርማ ያሳስር ነበር... ሕዝቡ ተነሳ፣ ከዚያ "ያለ ሕግ ማንም አይያዝም" ተብሎ ተጻፈ። የመንግሥት ሥልጣን ልክ አለው ማለት ነው፣ አልኩ። ግማሹ ተኝቷል። አልፈረድኩባቸውም።

ከትምህርት ቤት በእግሬ ተመለስኩ። ሁልጊዜ በባጃጁ የሚያመጣኝ ጎረቤቴ ዮኒስ ነው። የት ሄዶ ይሆን?

ዓርብ፣ ግንቦት 8

የዮኒስ ሚስት ሀሊሞ በጠዋት አንኳኳች።

"እቴ በለጠች፣ ዮኒስን ትናንት ቀፊራ ገበያ አጠገብ ፖሊስ ወሰደው።"

"በምን ምክንያት?"

"ወላሂ፣ ማን ይነግረኛል?"

በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለባቸው፣ ሕገ መንግሥቱ ላይ አለ፣ አልኳት።

"እሱን ለእነሱ ንገሪያቸዋ፣ አቦ።"

 በቃሌ የማውቀው ለክፍል ነው እንጂ ለጣቢያ አይደለም።

ሳምቡሳ ቋጥራ ወደ ጣቢያ ሄደች። ቋጠሮውን እያየሁ በሩ ላይ ቆምኩ። አባቴን በ1970 ከምድር ባቡር ሥራው የደርግ አብዮት ጥበቃዎች ሲወስዱት እናቴም እንዲህ ስንቅ ታመላልስ ነበር። አንድ ቀን "ከእንግዲህ አታምጪ" አሏት። ለምን ተያዘ ብሎ የጠየቀ የለም። መጠየቅ ራሱ ያስይዝ ነበር። አርባ ስምንት ሰዓቱ የተጻፈው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው... እኔ ግን ስንት ዓመት ሳስተምረው አባቴን አንስቼ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ጣቢያ ሄድኩ። ፈርቻለሁ፣ ምን ይደበቃል።

ተረኛው መርማሪ ገዲ ሆኖ ተገኘ፣ የድሮ ተማሪዬ። "ቲቸር" ብሎ ተነሳ። ወንበር ሰጠኝ።

"ዮኒስ ለምን ታሰረ?"

"ትንሽ ይቆይና እናየዋለን።"

"ዛሬ አርባ ስምንት ሰዓት ይሞላዋል። ያለ ሕግ ማንም አይያዝም። አስተምሬሃለሁ።"

"ቲቸር፣ ያ እኮ ፈረንሳይ ነው።"

አልሳቀም። ከልቡ ነው። ጥፋቱ የማን ይሆን?

"ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ የኛ ነው። ያን ቀን ቀርተህ ነበር?"

አንገቱን ደፋ። ሻይ አስመጣልኝ። ጠጣሁ። ከወንበሩ አልተነሳሁም። ሁለተኛ ሻይ አስመጣ።

ከሰዓት በኋላ ዮኒስን ተረኛ ችሎት አቀረቡት፤ እኔና ሀሊሞ ተከትለን ገባን። ዳኛዋ ጥፋቱ ምን እንደሆነ ጠየቁ።

"ትራፊኩ ላይ ጥያቄ አበዛ" አለ ገዲ።

"ምን ብሎ?"

"ለምን አስቆምከኝ ብሎ።"

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። ለቀቁት።

በሌላ ሰው ባጃጅ ወደ ሰፈራችን ሳቢያን ተመለስን። ዮኒስ መንገዱን ሙሉ ሹፌሩን ሲያርም ነበር። ሀሊሞ እጄን ይዛ አለቀቀችኝም።

ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለዮኒስ አልነበረም።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ሰሌዳው ላይ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 19፣ የአርባ ስምንት ሰዓቱን፣ ጻፍኩ። ከዚያ ስለ አባቴ ነገርኳቸው። ስሙን፣ ሥራውን፣ ስንቁን... የተኛ አልነበረም።

ስምረት ከኋላ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?"

"ይመጣል" አልኳት። "ቀኑን ግን አላውቀውም።"