ከውሃው ስር ያሉት ጉድጓዶች

ገብሬ፣
ሳልቀሰቅስህ ወጣሁ። የቤቱ ቁልፍ መስኮቱ ላይ ነው። የሰልጣኛችን የሱመያ ብስክሌት ፍሬኑ ላልቷል፤ ሳታጠብቅላት ከፈረስ መጋላ አደባባይ እንዳትነሱ።

አቦ፣ ትናንት ሰልጣኞቹ ፊት «ውሃ የሚፈራ የትራያትሎን አሰልጣኝ» አልከኝ። ሁሉም ሳቁ። ተናደድኩ።

ሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ሳለ አባቴ መሃሉ ላይ ድንች ይተክል ነበር። ለመስኖ ብሎ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ጎረቤቶቹም ቆፈሩ። ማንም መልሶ አልደፈነም። አሁን ውሃው ተመልሶ ሁሉንም ሸፍኗቸዋል።

ሰልጣኞቹ ልጆች ዛሬ ሐይቁ ውስጥ የሚዋኙበትን ቦታ ቀድሜያችሁ ገብቼ በረጅም እንጨት ልፈትሽ ነው። ከዋና፣ ከብስክሌትና ከሩጫ እኔ የብስክሌት እንጂ የዋና ሰው እንዳልሆንኩ ታውቃለህ።

ስትደርሱ ብስክሌቴን ዳር ላይ አግኝታችሁ እኔን ካጣችሁኝ፣ ልጆቹን ይዘህ ተመለስ።
ልታወጣኝ ብለህ እንዳትገባ።

ረምዚ