«ባላገር ነው» ያልሽው ልጅ

አትላንታ፣ ሰኔ 1979 ዓ.ም.

ውድ ሉሊት፣

አንቺ ናሽቪል ተቀምጠሽ ነርሲንግሽን ስታጠኚ፣ እዚህ በአንቺ ጉዳይ የሆነውን ጉድ ልንገርሽ። እሑድ የተገኝ ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሊጠይቁሽ ሊልበርን፣ አክስትሽ እትዬ ደጊቱ ቤት መጡ። ጋሽ ገብረሕይወትና ጋሽ ተክሌ ይጠበቁ ነበር። ሦስተኛዋ ግን፣ አትሳቂ፣ ሚስ ኤታ! ተገኝ የሚሠራበት የችግኝ መሸጫ ባለቤት፣ ያቺ ባለ ትልቅ ባርኔጣ የጆርጂያ አሮጊት። «እዚህ አገር እናቴ እሷ ናት» ብሎ ልኳት ነው።

እኔ ጓዳ ሆኜ ጆሮዬን አቁሜያለሁ። እትዬ ደጊቱ እንደ ወጉ «ለመሆኑ ልጁ እንዴት ያለ ነው?» ሲሉ፣ ሚስ ኤታ ኮራ ብላ «ሂ ኢዝ ሪል ካንትሪ!» አለች። ወንድምሽ ሳሙኤል ቀበል አድርጎ፣ «የለየለት ባላገር ነው ትላለች» ብሎ ተረጎመው እልሻለሁ!

እትዬ ደጊቱ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «እሱንማ ሉሊትም በስልክ ነግራናለች። ባላገር ስለሆነ ልቤ አመነታ ነው ያለችው። የገዛ ሽማግሌው ከመሰከረችበት እኛ ምን እንጨምራለን?»

ሚስ ኤታ የሰዉን ፊት አይታ ደነገጠች። ሳሙኤል እያፈረ ኤክስፕሌይን ቢያደርግላት፣ «ታዲያ እኔስ ካንትሪ አይደለሁ?» አለች። «ቃሉን የማያጥፍ፣ መኪና የቆመበትን ሰው አልፎ የማይሄድ፣ እኛ ዘንድ እንዲህ ነው የሚባለው።»

«እኛ ዘንድስ ምን ይባላል?» አሉ ጋሽ ተክሌ።

እትዬ ደጊቱ፣ «እኛማ በአንዱ ቃል እናመሰግናለን፣ በዚያው እንሰድባለን። ልጅቷ በየትኛው እንዳለችው ትጠየቅ» ብለው በሁለት ሳምንት ቀጠሯቸው።

ቃሉ ከጆሮዬ አልወጣ አለ፣ ሉሊት። ሹካ አያያዙ ያላማረንን ሁሉ ባላገር እንላለን። ፈታ አድርገሽ ስታዪው ግን ባለ አገር ማለት ነው። በሱዳን በኩል አገር ጥለን የመጣን ሰዎች፣ ባለ አገር መባልን ለስድብ ማዋላችን አይገርምሽም?

ሽማግሌዎቹን ልሸኝ ብወጣ ተገኝ ፒክአፑ ውስጥ ይጠብቃል። «ምን አሉ?» አለ።

«ሉሊት ባላገር ነው ብላለች አሉን፣ ልጄ» አሉት ጋሽ ገብረሕይወት፣ እያዘኑ።

ይከፋዋል ስል ሳቀ። «እሱንማ የተዋወቅን ዕለት ራሴ አይደለሁ የነገርኳት? ‹ባላገር ነኝ፣ ካላፈርሽብኝ አብረን ምሳ እንብላ› አልኳት። በላን።»

ይህን ለማናችንም አልነገርሽንም። ያን ቀን ያላፈርሽበትን ልጅ አሁን ማንን ፈርተሽ አፈርሽበት? መልሱን ለእኔ አትጻፊው፤ ለእሱ ንገሪው፣ አዎም ይሁን አይሆንም።

ሳላዳላ የምወድሽ፣
የሺእመቤት