ብቻዬን የሄድኩበት የሻይ ግዢ

ሚያዝያ 24
የሻይ ተራሮቹ ያሉበት አንሺ ገባሁ። ከከተማችን ከኢፖ ሁለት አውሮፕላን፣ ከዚያ አውቶቡስ። ለሱቃችን ሻይ ልንገዛ ሃያ ስድስት ዓመት በየጸደዩ ስንመጣ መስኮቱ ጋ የሚቀመጠው ቦን ሄንግ ነበር። ዘንድሮ እኔ ተቀመጥኩ። መንገዱ ይህን ያህል ጠመዝማዛ መሆኑን አላውቅም ነበር።
ባሌ ነው። ከሞተ አምስት ወሩ።

ሚያዝያ 25
ወደ ተራራው፣ ጋሽ ሊያው ቤት መውጣት ነበረብኝ። ሁሌ የምንገዛው ከእሱ እርሻ ነው። አልወጣሁም። «ሄንግስ?» ይለኛል። ምን እላለሁ? ከከተማው ገበያ ብገዛስ ብዬ ሄድኩ።
አንዱ ሻጭ ቀዳልኝ። «እትዬ፣ ይሄ ከተራራው ጫፍ ነው። ዝንጀሮ እንኳ አይደርስበትም።»
«አንተ ታዲያ በምን ደረስክ?»
ሳቀ። እኔም ሳቅኩ... ከስንት ጊዜ በኋላ። ግማሽ ኪሎ ገዛሁ። ሆቴል ወስጄ ሳፈላው ሽቶ ሽቶ ይላል፤ ሦስተኛ ውሃ ስጨምርበት ጣዕሙ ባዶ። ሄንግ ቢሆን ገና ቅጠሉን በመዳፉ ሲይዘው ያውቅ ነበር። እሱ ቀማሽ፣ እኔ ሱቅ ጠባቂ... አሁን በማን ምላስ ልገዛ ነው?

ሚያዝያ 26
ወጣሁ። ግቢው በሙሉ ቅጠል ተሰጥቶበታል፣ መርገጫ የለም። የጋሽ ሊያው ሚስት ሹፈን እጄን ይዛ አስገባችኝ። እስኪጠይቁኝ አልጠበቅኩም።
«ሄንግ እግሩን አሞት ቀረ» አልኩ።
ሹፈን ዳክዬ በዝንጅብል ሠርታለች። ሳህኔ ላይ ትቆልላለች፣ ቀና ብላ ግን አታየኝም።
ለምን ዋሸሁ? እዚህ ቤት ውስጥ ገና አልሞተም ነበር። ለዚያ ይመስለኛል።

ሚያዝያ 27
ዝናብ። ለቀማ የለም።

ሚያዝያ 28
ከሹፈን ጋር ቁጭ ብለን ከደረቀው ሻይ እንጨት እንጨቱን ስንለቅም፣ ሳታየኝ «መቼ ነው ያረፈው?» አለችኝ።
እጄ ቆመ። «ማን ነገረሽ?»
«ራሱ ነው እህቴ። አምና። ጉበቱ መሆኑን፣ ዓመት እንደማይሞላው...»
አምና። አምና እዚሁ አብረን ነበርን። እኔ የሰማሁት መስከረም ላይ፣ ከሐኪም አፍ ነው። በዓመት አስር ቀን ለሚያያቸው ሰዎች ነግሮ ለእኔ... ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬው ለኖርኩት...
ጋሽ ሊያው ጋ ሄድኩ። ምድጃው አጠገብ ሻይ ያገላብጣል።
«ለእኔ ለምን አልነገረኝም?»
ወደ እኔ ዞረ። «ይህችን ጸደይ ከእሷ ጋ ልኑራት አለ። ከነገርኳት ከዛሬ ጀምራ ታለቅሰኛለች አለ።»
«እናንተም እሺ አላችሁት።»
«እሺ አልነው። በደልንሽ።»
ወደ ሰጡኝ ክፍል ገባሁ።

ሚያዝያ 29
ከአልጋ አልተነሳሁም። አምናን ስመላልሰው ዋልኩ። ወንዙ ዳር ጫማውን አውልቆ ገብቶ፣ «ነይ ግቢ» ሲለኝ... ቀሚሴ ይበሰብሳል ብዬ እምቢ አልኩ። ብቻውን ቆሞ ውሃውን ሲያይ ቆየ።
ባውቅ እገባ ነበር። ሌላ የምለው የለኝም። ባውቅ እገባ ነበር።

ግንቦት 1
ጋሽ ሊያው አምስት ዓይነት ሻይ በሲኒ ደርድሮ ጠራኝ።
«እኔ አላውቅበትም» አልኩት።
«ሄንግ ታውቃለች ብሎኛል። ዝም ብለህ ቅዳላት፣ አንተ አትምረጥላት አለኝ።»
ይህንንም ተነጋግረዋል ለካ። ተናደድኩ። እየተናደድኩ ቀመስኩ። አንደኛው ጭስ ጭስ ይላል። ሁለተኛው ሄንግ ሁሌ የሚወደው ዓይነት፣ እሳት የጠገበ፣ ከባድ። ሦስተኛውን ረሳሁት። አራተኛው ላይ ቆምኩ። ቀላል ነው... ከዋጥኩት በኋላ ግን ጉሮሮዬ ላይ ቆይቶ ጣፈጠኝ። አምስተኛውን ቀምሼ ወደ አራተኛው ተመለስኩ።
«ይሄ።»
«ሄንግ ቢሆን ሁለተኛውን ነበር የሚወስደው።»
«አውቃለሁ።»
«ደንበኞቻችሁስ?»
«ይለምዱታል። ባይለምዱትም... እኔ የወደድኩት ይሄ ነው።»
አልተከራከረኝም። ሊመዝን ተነሳ። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው፣ ሲኒው እጄ ላይ እንዳለ። ሹፈን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።
«ኅዳር ላይ ነው ያረፈው» አልኳት። «ኅዳር አስራ አንድ፣ ጠዋት። የሩዝ ገንፎውን ይዤለት ስገባ።»